ሥጋ የማይበላው ታካሚዬ እና መታወቂያ የሌላት አይጥ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አይጥ ነው። አዎ፣ ስለ አይጥ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ምናልባት ነገ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን ይዛችሁ ላብራቶሪ ትሄዱ ይሆናል።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳለ አንድ ታካሚ ደረቱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል ገባ (ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። ዕድሜው 41 ነው። ቀጭን ነው፣ አያጨስም፣ ስኳርም ደም ግፊትም የለበትም። ኢሲጂ ስናነሳው ሀርት አታክ ነው፤ ልቡን ከሚመግቡት የደም ሥሮች አንዱ ተዘግቷል። ትንሽ ሲረጋጋ እንዲህ አለኝ፦

"ዶክተር፣ እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ። ሥጋ የምበላው በዓል ሲመጣ ነው፣ ቅቤም አልወድም። እንዴት እኔን ይይዘኛል?"

የደም ውጤቱ ሲመጣ "መጥፎው ኮሌስትሮል" የምንለው ኤልዲኤል 240 ሆኖ ተገኘ። "አባትዎ በሕይወት አሉ?" ብዬ ጠየቅኩት። "አባቴ በ46 ዓመታቸው እርሻ ላይ እያሉ በድንገት ወድቀው ነው ያረፉት። ምች ነው ተባለ" አለኝ።

"እንዴት እኔን?" ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጡን ደግሞ አይጦች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. አንድ ዓይነት ምግብ፣ የተለያየ ውጤት

መጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። ብዙ ሰው የደም ሥር መጥበብን እንደ ውሃ ቧንቧ ዝገት ያስበዋል። እንደዛ አይደለም። ኤልዲኤል የደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ነጭ የደም ሴሎች ሊያጸዱት ይመጡና ኮሌስትሮሉን ውጠው ውጠው ያብጣሉ፣ ብዙዎቹም እዚያው ይሞታሉ። በዓመታት ውስጥ እብጠት ይሠራል። እብጠቱ አንድ ቀን ሲቀደድ ደም እላዩ ላይ ይረጋል፤ ሀርት አታክ ማለት በአብዛኛው ይሄ ነው።

አይጥ ግን በተፈጥሮዋ ይህ በሽታ አይዛትም። ኮሌስትሮሏ ዝቅተኛ ነው፤ አብዛኛውም የሚጓዘው "ጥሩው" በምንለው በኤችዲኤል ላይ ተጭኖ ነው።

በ1980ዎቹ ቤቨርሊ ፔይገን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ የተለያዩ የአይጥ ዝርያዎችን ቅባትና ኮሌስትሮል የበዛበት ምግብ መገቡ። ብላክ 6 የሚባለው ዝርያ የደም ሥሩ ላይ ስብ አጠራቀመ። ሲ3ኤች የሚባለው ግን ያንኑ ምግብ በልቶ ብዙም አልተነካም። ምግቡ አንድ፣ አያያዙ አንድ፤ ልዩነቱ ዘር ነው። ጎረቤታችሁ ዕድሜ ልኩን ጮማ በልቶ 90 ዓመት ሲሞላው፣ ሌላው በ41 ዓመቱ ደረቱን ይዞ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት እዚህ ውስጥ አለ።

2. መታወቂያውና በሩ

ታዲያ የትኛው ጂን ነው? በ1992 ሁለት ቡድኖች መልስ ይዘው መጡ፤ አንዱ በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጃን ብሬስሎው ቡድን፣ ሌላው በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የኖቡዮ ማኤዳ ቡድን። አፖ-ኢ የሚባለውን አንድ ጂን ብቻ ያጠፉባት አይጥ ሠሩ።

አፖ-ኢ ምንድን ነው? ቅባት ጭነው በደም ውስጥ የሚዞሩ ቅንጣቶች ጉበት ደጃፍ ሲደርሱ የሚያሳዩት መታወቂያ በሉት። ጉበት መታወቂያውን አይቶ በሩን ይከፍታል፣ ጭነቱን ያወርዳል። መታወቂያ ከሌለ ቅንጣቱ መግባት አቅቶት ደም ውስጥ ሲዞር ይውላል።

ውጤቱ የሚገርም ነበር። ከ100 በታች የነበረው የአይጧ ኮሌስትሮል ከ400 በላይ ወጣ። ያውም ተራውን የአይጥ ምግብ እየበላች! በወራት ውስጥ የደም ሥሯ የሰውን የሚመስል እብጠት አበቀለ።

በ1993 ደግሞ በቴክሳስ ዳላስ በሩ ራሱ፣ ማለትም የኤልዲኤል ተቀባይ፣ የጠፋባት አይጥ ተሠራች። ይህን በር በሰው ላይ አግኝተው በ1985 ኖቤል የተሸለሙት ብራውንና ጎልድስታይን ከሠሩት መካከል ነበሩ። ይህች አይጥ ተራ ምግብ ስትበላ ኮሌስትሮሏ በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ኮሌስትሮል የበዛበት ምግብ ሲሰጣት ግን እጅግ አሻቀበ።

ሁለቱን አይጦች አብረን ስናያቸው መልሱ ግልጽ ነው። አንዳንዴ ጂኑ ብቻውን ይበቃል። አንዳንዴ ጂኑና ምግቡ ተባብረው ነው የሚጎዱት። ታካሚዬ የጂን ምርመራ ባያደርግም፣ የኮሌስትሮሉ መጠንና የአባቱ ታሪክ ወደ በሩ ችግር ይጠቁማሉ። ይህ በቤተሰብ የሚወረስ ችግር ከ250 እስከ 300 ሰዎች መካከል አንዱን ገደማ ይይዛል፤ ብርቅ አይደለም።

3. ከአይጥ ወደ መርፌ

በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ ኮሌስትሮላቸው በጣም ከፍ ባለ ቤተሰቦች ላይ ፒሲኤስኬ9 የሚባል ጂን ተበላሽቶ ተገኘ። ሥራው ምንድን ነው? አይጥ ተጠየቀች። ፕሮቲኑ ሲበዛባት የጉበቷ በሮች ጠፉ፣ ኮሌስትሮሏ ወጣ። ጂኑ ሲጠፋባት ደግሞ በሮቹ በዙ፣ ኮሌስትሮሏ ወረደ። ስለዚህ ይህ ፕሮቲን በር አፍራሽ ነው ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን ይህ ጂን በተፈጥሮ የማይሠራላቸው ጥቁር አሜሪካውያን አገኙ። በ2006 ባወጡት ጥናት፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ የልብ የደም ሥር በሽታ በ88 በመቶ ያነሰ ነበር። በ2015 ይህን በር አፍራሽ ፕሮቲን የሚያግዱ መርፌዎች በአሜሪካ ተፈቀዱ። ዋጋቸው ውድ ነው። ግን አትጨነቁ፦ የምናውቃቸው እንክብሎች፣ እነ አቶርቫስታቲን፣ እነሱም የጉበትን በሮች በማብዛት ነው የሚሠሩት።

4. አይጥ ግን ሰው አይደለችም

የአይጥ እብጠት እንደኛ ተቀድዶ ሀርት አታክ የሚያመጣው ከስንት አንዴ ነው። ኮሌስትሮልን ከኤችዲኤል ወደ ሌላ ቅንጣት የሚያሻግረው ሲኢቲፒ የሚባል ፕሮቲንም በተፈጥሮዋ የላትም። ይህን ፕሮቲን የሚያግድ ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት "ጥሩውን" ኮሌስትሮል ከፍ ስላደረገ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በሰው ላይ ሲሞከር መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ ሞት ስለበዛ በ2006 ቆመ።

ስለዚህ "በአይጥ ላይ ተሞክሮ ኮሌስትሮል የሚያጠራ ዱቄት" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ እባካችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ። አይጥ መንገድ ታሳያለች እንጂ ማዘዣ አትጽፍም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

👉 ከቤተሰብ ውስጥ ከ55 ዓመት በፊት የልብ ሕመም የያዘው ወይም በድንገት የሞተ ወንድ፣ ወይም ከ65 ዓመት በፊት ሴት ካለ፣ ኮሌስትሮላችሁን ተመርመሩ። "ምች ነው" የተባለውንም ቁጠሩት።

👉 ኤልዲኤል 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ "ምግብ ቀንሱ" ብቻ ተብላችሁ አትመለሱ። የቤተሰብ ታሪካችሁን ለሐኪም ተናገሩ።

👉 ችግሩ ያለበት ሰው ለእያንዳንዱ ልጅ የማውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድም፣ እህት፣ ልጆችም ጭምር ይመርመሩ።

👉 ቅጥነት፣ ጾምና ስፖርት ጥሩ ናቸው፣ ቀጥሉበት። ግን የምርመራ ምትክ አይደሉም።

👉 መድኃኒት ያለ ሐኪም አትጀምሩ። በተለይ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ያሰባችሁ እህቶች አስቀድማችሁ ንገሩን።

ታካሚዬ ከሆስፒታል ሲወጣ "ሁለቱን ይዘው ይመለሱ" ብዬው ነበር፤ እህቱንና ታናሽ ወንድሙን ይዞ መጣ። የእህቱ ውጤት ጤነኛ ነው። ወንድሙ 34 ዓመቱ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ይሮጣል፣ ምንም አያመውም፤ ኤልዲኤሉ 228። በዚያው ሳምንት መድኃኒት ጀመረ። አባታቸው ይህን ዕድል አላገኙም ነበር።

ዛሬ ማታ ቤተሰብ ሲሰበሰብ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "አያታችን በስንት ዓመታቸው፣ በምን አረፉ?" መልሱን ጽፋችሁ ያዙት። ለሚጠቅመው ሰውም ሼር አድርጉ።