ማርሹ ዳገቱን አይጠብቅም

የእግር ኳስ ተመልካች ኳስ ይዞ የሚዘገይ አማካይ ሲያይ ደሙ ይፈላል። ሰውዬው ለማቀበል የሚደናበረው ተከላካዩ ጀርባው ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው። አሮጌ የውድድር ብስክሌት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ወጣትም ጥፋቱ ይኸው ነው፤ ማርሽ ትዝ የሚለው ዳገቱ ጉልበቱን ጨምድዶ ከያዘው ወዲያ ነው።

ለዚህ ትምህርት የአጣዬን መንገድ የሚያክል አይገኝም። አጣዬ ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ያለች፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በግጭት ክፉኛ የተቃጠለች ከተማ ናት። ከእሷ ተነስቶ በሰንበቴ በኩል ወደ ሸዋሮቢት የሚወስደው አስፋልት፣ የይፋት ቆላ ሙቀቱ እንጂ ዳገቱ ሰው አይገድልም። ጉዱ የሚመጣው ከሸዋሮቢት ወዲያ ነው። ሸዋሮቢት ከባህር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማበር ዋሻ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ! ማርሽ የማያውቅ ሰው እዚያ ብስክሌቱን እየገፋ ነው የሚደርሰው፤ ከደረሰ።

በአዳዲሶቹ የውድድር ብስክሌቶች ማርሹ ከፍሬኑ ጋር መሪው ላይ ስለሆነ ጣት ብቻ ይበቃል። ሺማኖ ይህን ዘዴ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከዚያ በፊት ተሠርቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ብስክሌት ላይ ግን ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ በሰያፍ በሚወርደው ብረት ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ መቀየሪያዎች አሉ። እነሱን ለመንካት አንድ እጅ መሪውን መልቀቅ አለበት። ጀማሪው ጎንበስ ብሎ ሲፈልጋቸው ብስክሌቱ ይወላገዳል፤ ዓይኑን ከመንገዱ ያነሳ ደግሞ አይሱዙ ፊት ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ሜዳ ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ ሳያዩ መቀየሪያውን በእጅ ማግኘት ነው።

ሁለተኛው ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። የቀኙ መቀየሪያ ካቴናውን ከኋላ ባሉት ባለጥርስ ክቦች ላይ ያዘዋውራል፤ የግራው ከፊት ባሉት። የቀኙን ወደ ራስ ሲስቡት ካቴናው ከኋላ ወደ ትልቁ ይወጣና ፔዳሉ ይቀላል። የግራውንም ወደ ራስ ሲስቡት ካቴናው ከፊት ወደ ትልቁ ይወጣል፤ ፔዳሉ ግን ይከብዳል። ያው አሳሳብ፣ ተቃራኒ ውጤት! ዳገት መሀል ግራና ቀኙ የተምታታበት ሰው ቀላል ሲፈልግ ከባዱን አስገብቶ ቀጥ ይላል። የመኪና ሰው ከሆነማ ግራ መጋባቱ እጥፍ ነው፤ ሹፌር «ከባድ ማርሽ» የሚለው ዳገት የሚያወጣውን ነው፤ ብስክሌተኛው ግን ያንኑ «ቀላል» ይለዋል።

በጥንቶቹ መቀየሪያዎች «ቀጭ» የሚል ነገር የለም፤ እሱም በሺማኖ በኩል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከዚያ በፊት ዳኛው ጆሮ ነበር። ፔዳሉ ሳይቆም፣ የእግር ኃይል ግን ለአፍታ ላላ ተደርጎ መቀየሪያው ይሳባል። ካቴናው ወደ ትልቁ እንዲወጣ ከልኩ ትንሽ አሳልፎ መሳብና መልሶ ማስተካከል ያስፈልጋል። «ቅርርር» የሚል ድምፅ ካለ ገና አልገባም። ቆሞ ማርሽ መቀየር አይቻልም፤ ከመቀመጫ ተነስተው በሙሉ ክብደት እየረገጡ መቀየር ደግሞ ካቴና ያስወልቃል፣ ሲብስም ይበጥሳል። ዳገት ላይ ማርሹ በራሱ እየከበደ ከሄደስ? ጥፋቱ የመቀየሪያው ብሎን መላላት ሊሆን ይችላል፤ ጠበቅ ሲደረግ ይቆማል።

ይህን ሁሉ ጣጣ የዱሮዎቹ በምን ቻሉት ያሰኛል። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ሄንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መቀየሪያን አጥብቆ ይቃወም ስለነበር ውድድሩ ለሁሉም የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየችበት የ1956ቱ ሜልቦርን ገረመው ደንቦባ በጎዳና ብስክሌት 187 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ 24ኛ ሲወጣ፣ የዘመኑ የውድድር ብስክሌቶች በአብዛኛው በዚሁ በጆሮ በሚዳኝ ማርሽ ነበር የሚሠሩት። የስፖርት ቤተሰቡ ማራቶኑን ሲያነሳ ይህን ውጤት መርሳቱ ያሳዝናል። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲሰለፍ ማርሹ ጣቱ ሥር ነበር።

ወደ ጣርማበር እንመለስ። ከደብረ ሲና በላይ ጥምዝምዙ ከመጀመሩ በፊት፣ መንገዱ ገና ፋታ እየሰጠ ሳለ፣ ከፊት ትንሹ ክብ መግባት አለበት፤ የቀረው በቀኝ እጅ ጥቂት በጥቂት ይጨረሳል። ኮረብታው ላይ ከተደረሰ በኋላ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት 587 ሜትር ዋሻ ይጠብቃል። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ጆሮም እጅም መኪናውን ያዳምጥ፤ ማርሽ መነካካት አያስፈልግም። ዋሻውን ሳይገቡ ወደ ሸዋሮቢት ለሚመለሱ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ እጅ ከፍሬን አይለይም። ስለዚህ የመውረጃው ማርሽ ፊት ለፊት ገደሉ ከመታየቱ በፊት፣ እዚያው ዋሻው አፍ ላይ ይገባል።