ርቀት በመነጽር ውስጥ ለምን ያጥራል

ገና ያልተገነባን ቤት በቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ሥዕል በሚያሳይና ተመልካቹን ከዙሪያው በሚጋርድ መሣሪያ፣ ለደንበኛ የሚያስጎበኝ አርክቴክት ደጋግሞ የሚሰማው ቅሬታ ሳሎኑ ጠበበ የሚል ነው። የፕላኑ ልኬት ትክክል ሆኖ፣ ኮምፒውተሩም ያንኑ ልኬት ሳያዛንፍ እያሳየ፣ ተመልካቹ ማዶ ያለውን ግድግዳ ከስፍራው አቅርቦ ያየዋል። ችግሩ የአንድ ደንበኛ ዓይን አይደለም፤ የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ግምገማ እንዳመለከተው፣ ሰዎች በምናባዊ ቦታ ውስጥ ያለን ርቀት በአማካይ የትክክለኛውን 74 በመቶ ገደማ አድርገው ይገምታሉ። ከዚያ ወዲህ የወጡ መነጽሮች ልዩነቱን አጥብበውታል እንጂ አላስወገዱትም።

ግምቱን ለመለካት ተመልካቹ ወለሉ ላይ ያለውን ምልክት ካየ በኋላ ዓይኑ ይሸፈንና የደረሰ እስኪመስለው ድረስ እንዲራመድ ይደረጋል። በእውነተኛ ሜዳ ላይ እስከ 20 ሜትር ያለውን ርቀት ሰው በዚህ መንገድ ብዙ ሳይስት ይደርስበታል፤ በመነጽር ካየው ግን ምልክቱ ጋ ሳይደርስ ይቆማል።

ሁለቱ ዓይኖች የሚያዩት ሥዕል በጥቂቱ መለያየቱ የጥልቀት ስሜት እንደሚፈጥር ቻርልስ ዊትስተን እ.ኤ.አ. በ1838 አሳይቷል፤ መነጽሩም የሚሠራው በዚሁ መርህ ስለሆነ፣ በአዋቂዎች ዘንድ በአማካይ 63 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው የሁለቱ ብሌኖች ርቀት ለእያንዳንዱ ሰው መስተካከል አለበት። ሆኖም ዓይኖች ቅርብ ወዳለ ነገር ሲያዘነብሉ የመነጽሩ ሌንስ ትኩረታቸውን በአንድ ቋሚ ርቀት ላይ ይዞ ስለሚያስቀር፣ ሁለቱ ምልክቶች ይጋጫሉ፤ ዓይንም ይደክማል። ይህ ግጭት የሚበረታው እጅ በሚደርስበት ቅርበት ነው። ለሳሎኑ ማዶ የበለጠ ወሳኙ ወለሉ ነው፤ ዓይን የአንድን ነገር ርቀት ከሚገምትባቸው መንገዶች አንዱ፣ የነገሩ እግር ከአድማስ መስመር ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ከራሱ ከፍታ ጋር ማዛመድ ነውና። የዓይኑ ከፍታ 1.60 ሜትር ለሆነ ሰው መነጽሩ ወለሉን በ16 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጎ ቢያሳየው፣ 10 ሜትር የራቀው የበር ደፍ በ9.1 ሜትር ላይ ያለ ደፍ በሚታይበት ማዕዘን ይታየዋል፤ ወለሉ መዛነፉን ግን አያውቅም።

ይህን ሳያረጋግጡ የእምነበረዱን ነጸብራቅና የመጋረጃውን እጥፋት በማሳመር ቀናት የሚያሳልፉ ባለሙያዎች መኖራቸው ያሳዝናል፤ የሥዕሉ ጥራት ብቻውን የርቀት ግምትን እምብዛም እንደማያሻሽል በሙከራ ታይቷልና። የመሣሪያው ክብደትና የእይታው ጠባብነት ድርሻ አላቸው፤ እነዚህን ግን አርክቴክቱ ሊለውጣቸው አይችልም። በእጁ ያለው ትልቁ መፍትሔ እግር ነው፤ ተመልካቹ በምናባዊው ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች በእርምጃው ሲዘዋወር ግምቱ ወደ ትክክለኛው ይቀርባል። ቁልፍ ተጭኖ ከቦታ ቦታ መዝለል ይህን ዕድል ስለሚነፍገው፣ ሳሎኑ ይስፋ ወይስ ይብቃ የሚለው ጥያቄ ደንበኛው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከመራመዱ በፊት መቅረብ የለበትም፤ ቆሞ ባየው ብቻ የሚሻሻል ፕላን በማያስፈልግ ግንብና ጣሪያ የሚከፈልበት ነው።