ጦማርና ጠባቂው፤ ተረቱና እውነታው

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ብዕር የሚቀናቸው ወጣቶች ጥቂቶች አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ከእነዚህ መካከል ጦማር ለመክፈት አስበው የተዉትን፣ ከፍተውም ሳይቆዩ የዘጉትን ምክንያታቸውን ብንጠይቃቸው፣ የገንዘብና የጊዜ እጦትን ከሚያነሡት ይልቅ ከወዲያና ከወዲህ የሰሙትን ወሬ እንደ ሕግ ቆጥረው የሚጠቅሱልን ይበዛሉ። ወሬው ግን በመጀመሪያ የተነገረው በትልልቅ ከተሞች ለሚጽፉ፣ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ሰዎች ስለ ሆነ፣ ወደ አካባቢያችን ወደ የጁ ሲደርስ ልኩ ጠፍቶ ተረት ይሆናል። በእኔ አስተያየት በአነስተኛ ከተማ የሚከፈት ጦማር ከአዋጅ ነጋሪ ሥራ ይልቅ የመዝገብ ጠባቂ ሥራ ይበዛበታል፤ ይህን የተቀበለ ሰው ደግሞ ከሰማቸው ተረቶች አብዛኞቹን ለመተው አይቸገርም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው፣ አንባቢው በብዙ ሺህ ካልተቆጠረ ጦማር ዋጋ የለውም የሚለው ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ የሚባለው «አእምሮ» በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በግሪካዊው በእንድርያስ ካቫዲያ እጅ ሲጀመር፣ በእጅ ተጽፎ የሚወጣው 24 ቅጂ ብቻ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ያም ሆኖ የአገሪቱ የጋዜጣ ታሪክ በተተረከ ቁጥር ስሙ ሳይጠራ አይታለፍም። ወደ አካባቢያችን ስንመለስ፣ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ወልድያ 46,139 ነዋሪ ነበራት፤ የሀብሩ ወረዳም ከ190 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ ስለ ራሱ መሬት፣ ስለ ራሱ ገበያና ስለ ራሱ መንገድ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ነገር በኢንተርኔት ቢፈልግ የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ የመርሳው ጸሐፊ አዲስ አበባ ያሉ ጸሐፍት በየዕለቱ የሚከራከሩበትን ጉዳይ እርሱም ቢደግመው ከብዙ ድምፅ መካከል አንድ ሆኖ ይቀራል፤ ማሽላን ስለሚያጠቃው አረም ስለ አቀንጭራ ቢጽፍ ግን የሚቀድመው ሰው መኖሩ ያጠራጥራል።

አቀንጭራን ለአብነት ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ አረም ሐምራዊ አበባውን ከመሬት በላይ በሚያሳይበት ጊዜ ገበሬው ጠላቱን ያየ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሥሩ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን መምጠጥ ከጀመረ ሰንብቷልና ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል፤ ከዚህም በላይ አንዲቱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ትበትናለች፤ ያም ዘር በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ የደከሙት ይህን ዓይነቱን መከራ አይተው ነው፤ በአገራችንም «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉት ዝርያዎች ከዚያ ምርምር የተገኙ ናቸው። ይህን እውቀት ሳይንቲስቶች በእንግሊዝኛ ጽፈውታል፤ የሀብሩ ገበሬ ልጅ በስልኩ ላይ በአማርኛ ሲፈልገው ግን የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በዚሁ ወረዳ በምትገኘው በግራና ከተማ ስም «ግራና 1» የተባለ የማሽላ ዝርያ እስከማውጣት የደረሰ ቤት ነውና፣ የመርሳው ጸሐፊ ወደዚያ ጎራ ብሎ ለየትኛው ቀበሌ የትኛው ዝርያ እንደሚመከር፣ አረሙም ዘር ከመቋጠሩ በፊት መቼ መነቀል እንዳለበት ጠይቆ፣ የጠየቀበትን ቀንና የመለሰለትን ባለሙያ ሙያ ገልጾ ቢጽፍ፣ አንባቢዎቹ በመጀመሪያው ክረምት ሠላሳ ብቻ ቢሆኑ እንኳ በሚቀጥለው ክረምት ሌሎች ሠላሳ ይመጡለታል። እንዲሁም ስለ አዋሽ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር፣ ስለ ግራና ፍራፍሬ ዋጋ፣ ስለ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምዝገባ ሥርዓት የሚጻፈው ሁሉ፣ ፈላጊው ጥቂት ቢሆንም ፍለጋው የማይቋረጥ ነው።

ሁለተኛው ተረት በየቀኑ ያልጻፈ ሰው ይረሳል የሚለው ሲሆን፣ በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያሻም። ዕለታዊነት ደመወዝተኛ ጋዜጠኞች ላሉት ዝግጅት ክፍል የተሠራ ሕግ ነው፤ ቀን በመሥሪያ ቤት ወይም በእርሻ ውሎ ማታ ለሚጽፍ ሰው፣ መብራትም ለማይጸናበት ከተማ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ሳያስታጉሉ መጻፍ ይበቃል። ጦማሩ ከመከፈቱ በፊት አምስት ወይም ስድስት ያለቀላቸው ጽሑፎች በእጅ ቢኖሩ፣ ሐዘን ወይም ሕመም ወይም አጨዳ በመጣ ጊዜ ክፍተቱን ይሸፍናሉ። ደግሞም አሮጌውን ጽሑፍ በአዲስ መረጃ ማደስ ከአዲስ ጽሑፍ አያንስም፤ የአምናውን የዝርያ ምክር ዘንድሮ ፈትሾ «በሰኔ ታድሷል» ብሎ ማውጣት ከማናቸውም የችኮላ ሐተታ ይበልጣል።

አሁን ከሁሉ የሚከፋውን ላንሣ፤ ይኸውም በኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር ለዘለዓለም አይጠፋም የሚለው ነው። ነገሩ ስም ለማጥፋት ለተጻፈና ለተቀባበለ ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለደከሙበት ጽሑፍ ግን ከእውነት እጅግ የራቀ ነው። በዘመኑ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰዎች የግል ገጻቸውን ያኖሩበት የነበረው ጂኦሲቲስ በጥቅምት 2002 በባለቤቱ በያሁ ውሳኔ ሲዘጋ፣ በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው ካተረፉት በቀር የቀረው ጠፍቷል። በአገራችን ደግሞ ከግንቦት 1998 ጀምሮ የብሎግስፖት ጦማሮች በሙሉ ከኢትዮጵያ ውስጥ የማይከፈቱ ሆነው ነበር፤ በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች ተከፈቱ ብሎ እስኪያስታውቅ ድረስ፣ ከእነዚያ ጸሐፊዎች ስንቱ ብዕሩን እንደ ጣለ ቤቱ ይቁጠረው። ወልድያን በሚመለከት፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማይቱ በጦርነት ውስጥ በነበረችባቸው ወራት መብራቱም ስልኩም ተቋርጦ ነበር፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ አገር የሚጽፍ ሰው ጽሑፉን ለባዕድ ኩባንያ ብቻ አደራ ሰጥቶ እንቅልፍ ሊወስደው አይገባም።

የቀደሙት የወሎ ሊቃውንት በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። በሐይቅ እስጢፋኖስ በአቡነ ኢየሱስ ሞአ ዘመን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ወንጌል እስከ ዘመናችን የደረሰው በዕቃ ቤት ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ስለ ነበረው ነው፤ ጉልትና ርስት በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይመዘገብ የነበረውም ወንጌል ከሌላው መጽሐፍ አብልጦ ስለሚጠበቅ ነው። በየጁ በመንዙማቸው የታወቁት የዳና ሸሆችም ቃላቸው የቆየው ደረሳዎች እየገለበጡና በቃላቸው እየያዙ ወደየአገራቸው ስለ ወሰዱት ነው። ከዚህ የምንወስደው ሥርዓት ቀላል ነው፤ ጽሑፉ በመጀመሪያ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ በራሱ ፋይል ተጽፎ ኋላ ወደ ጦማሩ ይገባል እንጂ በጦማሩ ሣጥን ውስጥ በቀጥታ አይጻፍም፤ በየወሩ መጨረሻ አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ ሌላ ቅጂ ከከተማው ውጭ ባለ ዘመድ ዘንድ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ወይም ጅዳ በሚኖር ወንድም እጅ ይቀመጣል፤ ዋና ዋናው ደግሞ በወረቀት ታትሞ በክላሰር ይያዛል። ወረቀት አሮጌ ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ መብራት በጠፋባቸው በእነዚያ ወራት ምን ማንበብ ይቻል እንደ ነበረ ያስታውስ።

በፊደላችን ጉዳይ ላይም ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። በቴሌግራምና በፌስቡክ እንደሚታየው፣ ጽሑፉን በሚያምር ቀለም ላይ አስፍረው ሥዕል አድርገው የሚለጥፉ ሰዎች አንባቢ ይስባል ብለው ያምናሉ። እስቲ አንዱን ሥዕል በርካሽ ስልክ ላይ ክፈቱት፤ በቢጫ ላይ ነጭ ፊደል፣ ከታች ሦስት የስልክ ቁጥር፣ በቀኝ ጠርዝ ከየመሥመሩ መጨረሻ የተቆረጠ ፊደል፤ ለማንበብ ገጹን በጣት እያሰፉ ወዲህና ወዲያ መጎተት ግድ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን በታገሥነው፤ ዳሩ ግን ሥዕል የሆነ ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ በቀላሉ አይፈለግም፣ አይቀዳም፣ ማየት ለተሳናቸው ወገኖችም የስልካቸው አንባቢ ድምፅ አያነብላቸውም። ክብደቱም ሌላ ነው፤ በተለመደው አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 1,500 ቃላት ያሉት የአማርኛ ጽሑፍ ከ25 ኪሎ ባይት ብዙ አያልፍም፤ ከስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ግን 3 ሜጋ ባይት ቢሆን ከዚያ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ለዳታው በብር የሚከፍለው የግራና አንባቢ ነውና፣ ፎቶግራፉ ሳይቀነስ እንዲወጣ የሚፈቅድ ጸሐፊ የሰው ኪስ ገብቷል ማለት ይቻላል።

ፊደላችን በ1992 መባቻ ገደማ በዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በየራሳቸው ሥርዓት በተሠሩ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፉ ጽሑፎች፣ ዛሬ ወደ ጦማር ሲገለበጡ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይወጣሉ፤ በየቢሮውና በየጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ የቆየ የአካባቢ ታሪክ ወይም የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ከመለጠፉ በፊት ወደ ዩኒኮድ ማስለወጥ ይኖርበታል። በአጻጻፍም ረገድ «ወልድያ» እና «ወልዲያ»፣ «ዓለም» እና «አለም» ለፈላጊው ማሽን ሁለት የተለያዩ ቃላት ሆነው ሊታዩ ስለሚችሉ፣ ጸሐፊው አንዱን መርጦ መጽናት፣ ሌላውንም በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ መጥቀስ ይጠቅመዋል። ጦማሩ በራሱ የሚያትመው ቀን የአውሮፓውያን ስለ ሆነ ደግሞ፣ በራስጌው ላይ የኢትዮጵያን ቀን መጨመር አይዘንጋ፤ «በ2012 የወጣ ዝርያ» የሚል ጽሑፍ የትኛው 2012 እንደ ሆነ ካልተገለጸ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስታል።

ጦማር የግል ጨዋታ ነውና ሕግ አይደርስበትም የሚሉም አሉ። በሚያዝያ 2006 ዞን ዘጠኝ የተባለው ጦማር 6 ጸሐፊዎች ከ3 ጋዜጠኞች ጋር ታስረው ክሳቸው እስከ 2008 መጀመሪያ መጓተቱን ላስታወሰ ሰው ይህ አባባል ያስገርማል። ዛሬም የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ሊያስቀጣው ይችላል፤ 5,000 ተከታይ ደግሞ ለአንድ የወረዳ ቴሌግራም ገጽ ሩቅ ቁጥር አይደለም። ከኢንተርኔት የተገኘ ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ ባለቤት የለውም የሚለውም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ለምሳሌ የጽሑፍ ሥራ ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ከሕጉም በላይ ጨዋነት የሚባል ነገር አለና፣ በገበያ ቀን ጎመን ስትሸጥ ያነሣናትን እናት ሳናስፈቅድ መልኳን ለዓለም ማሳየት በከተማችን ሊደረግ የሚገባ አይደለም።

የተሳሳተ ጽሑፍ በጸጥታ ሲሰረዝ ነገሩ ያበቃል ብለው የሚያስቡ ሰዎችም ይስታሉ። ስሕተቱን ያነበበው ሰው ወስዶታል፤ ሌሎችም ገልብጠውታል። ስለዚህ ጽሑፉ ባለበት ሆኖ ከራሱ ላይ «ይህ ቁጥር በዚህ ቀን ታርሟል፤ ቀድሞ እንዲህ ይል ነበር» የሚል አጭር ማስታወሻ መጨመር የሚመረጥ ሥርዓት ነው። አንባቢዎቹ አብዛኞቹ ጎረቤቶቹ የሆኑለት ጸሐፊ እርማት የሚያገኝበት ዕድል ከአዲስ አበባው ይልቅ ሰፊ ነው፤ በቡና ላይ ይነግሩታል።

ስለ ገንዘብ የሚነገረው አጭር መልስ ይበቃዋል። ጦማር ያበለጽጋል የሚለው ተስፋ ለአማርኛ ጸሐፊ ገና ነው፤ የጉግል የማስታወቂያ አገልግሎት ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አማርኛ ለብዙ ዓመታት ውጭ ሆኖ ቆይቷል። ገቢው ሳይመጣ ወጪው ግን አለ፤ የራሱን የድረ ገጽ ስም የሚከራይ ሰው በየዓመቱ ማደስ አለበት፤ ቀኑን ከረሳ ስሙ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። በዚህ ላይ በከተሞቻችን የተለመደው ችግር፣ ጦማሩን ወይም የቴሌግራም ገጹን የከፈተለት ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ቁጥር መክፈቱ ነው፤ ልጁ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ፣ ወይም ቁጥሩ ሳይሠራበት ቆይቶ ለሌላ ደንበኛ ሲሰጥ፣ የገጹ ቁልፍ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ኢሜይሉ በጸሐፊው ስም ይከፈት፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ይግባበት፤ የይለፍ ቃሎቹና የእድሳቱ ቀን በወረቀት ተጽፈው በታሸገ ፖስታ ሆነው ለሚታመን አንድ ሰው ይሰጡ፤ በቴሌግራሙም ገጽ ላይ ያ ሰው ሁለተኛ አስተዳዳሪ ሆኖ አስቀድሞ ይመዝገብ።