ስለ መትከልና ስለ መጠበቅ

ዘር በመሬት ውስጥ ተቀብሮ እንደሚበቅል ያልሰማ ልጅ የለም። ዳሩ ግን ይህን በጆሮው የሰማ ልጅና በገዛ እጁ ዘርቶ ያየ ልጅ እኩል አያውቁም። የመጀመሪያው ነገሩን ያምናል፤ ሁለተኛው ግን ይመሰክራል። መጽሐፍ ብዙ ነገር ያስተምራል፤ ሆኖም ውሃ ያጣ ቅጠል በቀትር እንዴት እንደሚጠወልግ፥ ማታም ውሃ ሲያገኝ እንዴት ቀና እንደሚል ከአትክልት መደብ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ አስተማሮች የትምህርት ቤቱን ግቢ እንደ ሁለተኛ ክፍል ቈጥረውታል። ፍሪድሪኽ ፍሮብል የተባለው የጀርመን አስተማሪ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1840 ለሕፃናት ማስተማሪያው «የሕፃናት የአትክልት ስፍራ» የሚል ስም ሰጠው። በአሳቡም ለእያንዳንዱ ሕፃን የግሉ የሆነ ትንሽ መደብ ይሰጠዋል፤ በግሎቹ መደቦች ዙሪያ ደግሞ ሁሉም በአንድነት የሚጠብቁት የጋራ መደብ ይኖራል። በግሉ መደብ ልጅ ኀላፊነትን ይማራል፤ በጋራው መደብ ከባልንጀራው ጋራ መሥራትን ይማራል።

ሆሞሻ ከአሶሳ በስተ ሰሜን፥ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወረዳ ናት። በዚያ አገር በየመንደሩ የማንጎ ዛፍ ይታያል። ልጆች ከጥላው ሥር ይጫወታሉ፤ ፍሬውንም ይበላሉ። ነገር ግን ከሚበሉት ልጆች መካከል «ይህን ዛፍ ማን ተከለው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የማንጎ የትውልድ አገር የሕንድ ምድርና አካባቢው ነው፤ ስለዚህ በዚህ አገር የመጀመሪያዎቹን ማንጎዎች አንድ ሰው ይዟቸው መጥቷል፥ አንድ ሰው ተክሏቸዋል፥ አንድ ሰውም ከፍየል ጠብቋቸዋል። የተካዩ ስም ተረስቷል፤ ጥላው ግን አልተረሳም።

ልጆችም በተራቸው ተካዮች እንዲሆኑ የሚወድ አስተማሪ አስቀድሞ አንድ እንቅፋት ማወቅ ይገባዋል። በዚህ አገር ዝናሙ በግንቦት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ትምህርት ግን በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል። እንግዲህ ምድር በምትለመልምበት በሐምሌና በነሐሴ ልጆቹ በየቤታቸው ናቸው፤ ልጆቹ በክፍል በሚቀመጡበት በበጋ ደግሞ ምድር ደርቃለች። ይህን ያላሰበ አስተማሪ በሰኔ ማለቂያ ብዙ ችግኝ አስተክሎ በሩን ይዘጋል፤ በመስከረም ሲመለስ ከፊሉን ፍየል በልቶት፥ ከፊሉንም አረም ውጦት ያገኘዋል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ አንዱ የበጋ መደብ ነው፥ ሁለተኛው ልጁ ከቤቱ ወስዶ የሚጠብቀው ዛፍ ነው።

የበጋው መደብ ትንሽ ይሁን። ወርዱና ርዝመቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ መደብ ለአራት ልጆች ይበቃል። በሞቃት የበጋ ቀን እንዲህ ያለው መደብ አምስት ሊትር ያህል ውሃ ይጠጣል፤ ሃያ ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካንም አራት መደብ ያጠጣል ማለት ነው። ይህን ስሌት ልጆቹ ራሳቸው ቢሠሩት ሒሳብ ከወረቀት ወጥቶ በትከሻ የሚመዘን ነገር ይሆንላቸዋል። በብዙ ቤት ውሃውን የምትቀዳው እናት ወይም እኅት ናት፤ የአንዱን መደብ ውሃ ከምንጭ አምጥቶ ያየ ወንድ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ በቤቱ ውሃ በከንቱ ሲደፋ ዝም ብሎ ለማየት ይከብደዋል። ከምሳ በፊት እጅ የሚታጠቡበት ውሃም በገበቴ ቢጠራቀም ለመደቡ ይሆናል።

ውሃን የሚቈጥብ አንድ የቈየ ብልኀት አለ። ያልተለበጠ የሸክላ ማሰሮ በመደቡ መካከል እስከ አንገቱ ይቀበራል፤ ውሃ ይሞላበታል፥ አፉም በክዳን ይገጠማል። ሸክላው ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውሃውን ጥቂት በጥቂት ወደ አፈሩ ያሳልፋል። አፈሩ ሲደርቅ ብዙ ይስባል፤ ሲርስ ግን መሳቡን ይቀንሳል። በቻይና አገር ከ2,000 ዓመት በፊት በተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ይህ ዘዴ ተመልክቷል። ልጆቹ በየማለዳው ክዳኑን ከፍተው ውሃው ስንት ጣት እንደ ጐደለ በእንጨት ቢለኩ፥ በየትኛው ቀን ምድር አብዝታ እንደ ጠማት ያውቃሉ።

ለበጋው መደብ ሙቀት የሚወድ ተክል ይመረጣል። በርታዎች ከንካሴ የሚሉት ባሚያ ለዚህ የተገባ ነው። ዘሩ አንድ ሌሊት በውሃ ተነክሮ ቢዘራ በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል፤ በሁለት ወር ያህልም ለወጥ የሚሆን ፍሬ ይሰጣል። አበባው ቢጫ ሆኖ መካከሉ ጥቁር ቀይ ነው፤ ማለዳ ይፈካል፥ በዚያው ቀን ይከደናል። ስለዚህ አርፍዶ የመጣ ልጅ አበባውን አያየውም፤ ለዚህ ልጅ ተግሣጹን የሚሰጠው አበባው ራሱ ነው። የጥጥና የከርከዴ አበባ ቢገኝ ከባሚያው ጋራ ጐን ለጐን አስቀምጦ ማነጻጸር መልካም ነው። ሦስቱም በመካከላቸው እንደ ምሰሶ የቆመ ዘንግ አላቸው፤ በዘንጉም ላይ ብናኝ ይታያል። አንዱ ለልብስ፥ አንዱ ለመጠጥ፥ አንዱ ለወጥ ቢሆኑም የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች መሆናቸው በዚህ ይታወቃል።

አንዳንድ ልጅ ዘሩን ከቀበረ በኋላ ትዕግሥት ያጣል። በቅሎ እንደ ሆነ ለማየት በየቀኑ አፈሩን ይገልጣል፤ በዚህም ምክንያት ለጋው ሥር ተበጥሶ ዘሩ ይሞታል። ይህን ልጅ መቈጣት አይገባም፤ ለማወቅ መጓጓቱ መልካም ነውና። ይልቁንም በብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አድርጎ፥ በጨርቁና በብርጭቆው መካከል አንድ የባቄላ ፍሬ ማስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ልጁ ምንም ሳይነካ ሁሉን ያያል። አስቀድሞ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቡቃያው ወደ ላይ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብርጭቆው በጐኑ ቢጋደም ሥሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ተጣምሞ እንደ ገና ወደ ታች ይመለሳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለልጁ የሚገባው ይህን ባየ ጊዜ ነው። ምንም የማይታይበት ጊዜ ምንም የማይሠራበት ጊዜ አይደለም።

ተክል ሁሉ ግን አይጸድቅም። አንዱን ምስጥ ይቈርጠዋል፥ አንዱን ፀሐይ ያደርቀዋል፥ አንዱንም ጠባቂው ይረሳዋል። በዚህ ጊዜ አስተማሪው ይፈተናል። ልጁ እንዳያዝን በማሰብ ማታ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የሞተውን ነቅሎ ሌላ ለምለም ቡቃያ በቦታው ሊተክል ይችላል። ልጁም ማለዳ መጥቶ ደስ ይለዋል። ይህ ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ከዚህ የሚማረው ቢረሱትም ተክል እንደማይሞት ነው፤ ይህም ሐሰት ነው። እንዲህ የተማረ ልጅ ዐድጎ ከብት ወይም እርሻ በእጁ በሚገባ ጊዜ ማታ መጥቶ የሞተውን የሚተካለት አስተማሪ አይኖረውም።

ስለዚህ የሞተው ተክል በልጆቹ ፊት ይነቀል፤ ሥሩም ይመርመር። ሥሩ የተበላ ከሆነ ተባይ አለ፤ የበሰበሰ ከሆነ ውሃ በዝቷል፤ የደረቀ ከሆነ ውሃ አንሷል። ከዚያም በደብተር ላይ በአራት ዐምድ ይጻፍ፤ የተዘራበት ቀን፥ የበቀለበት ቀን፥ የሞተበት ቀን፥ የሞተበት ምክንያት። «አጠጣለሁ ብዬ ረሳሁ» ብሎ በእውነት የጻፈ ልጅ ሁለተኛ ዘር ይሰጠው እንጂ አይመታ። ስሕተቱን የሚደብቅ ልጅ ግን መደቡ ቢለመልምም ገና ትምህርቱን አልጨረሰም።

ሁለተኛው ሥራ የማንጎው ዛፍ ነው። ማንጎ በሚበስልበት በግንቦት ልጁ የበላውን ፍሬ ዘር አይጥለውም። የማንጎ ዘር ከደረቀ ይሞታልና ብዙ ሳይቈይ ሊዘራ ይገባል። አንድ ታላቅ ሰው ጠንካራውን ቅርፊት በቢላዋ በጥንቃቄ ይከፍትለታል፤ ልጁም ዘሩን ጐባጣው ጠርዝ ወደ ላይ ሆኖ፥ ሥሩ በተበሳና አፈርና ፍግ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ይቀብረዋል። ዘሩ በሁለት ወይም በአራት ሳምንት ይበቅላል። ትምህርት ሲዘጋ ልጁ ጣሳውን ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ ክረምቱን በደጁ ይጠብቀዋል፥ በመስከረምም ይዞት ይመለሳል። በበጋ በትምህርት ቤት ያጠጣዋል፤ በሚመጣው ሰኔ ዝናሙ ምድርን ባራሰ ጊዜ ይተክለዋል። ዙሪያውን በሽመል ያጥረዋል። ሽመል የተባለው የቆላ ቀርከሃ እንደ ደጋው ክፍት ሳይሆን ውስጡ ድፍን ስለ ሆነ ለአጥር ጽኑ ነው። በክረምቱም በአቅራቢያው የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸው እያወቁ በየተራ ያዩታል።

የማንጎ ጠባቂ ቅጠል መመርመርንም መማር አለበት። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ነጭ ቅርፊት የለበሰ ጥቃቅን ተባይ በማንጎ ላይ ታየ፤ ከዚያም ወዲህ በምዕራብ ኢትዮጵያ እየተስፋፋ ወደ አሶሳ አካባቢ ደርሷል። የቅጠሉን ውሃ ይመጣል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፥ የፍሬውም ልጣጭ ይበላሻል። ነፋስ ግልገሎቹን ከዛፍ ወደ ዛፍ ይወስዳል፤ ከአገር ወደ አገር የሚያሻግራቸው ግን ሳይመረመር የተጫነ ችግኝ ነው። ልጆች በየሳምንቱ ከአንድ ዛፍ ዐሥር ቅጠል መርጠው የቅጠሉን ሁለት ገጽ ቢያዩ፥ ነጩንም ነጥብ ቈጥረው ቢጽፉ ተባዩ ገና ጥቂት ሳለ ያገኙታል። ያገኙትንም ለወላጆቻቸውና ለግብርና ባለሙያ ይነግራሉ። እንዲህ ሲሆን የሕፃን ዓይን የመንደሩን ሁሉ ፍሬ ሊጠብቅ ይችላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። በዚያ ቀን ብዙ ሕፃናት ከታላላቆቻቸው ጋራ ጕድጓድ ቈፍረዋል። ነገሩ ታላቅ ነው፤ ዳሩ ግን የተከላ ቍጥር የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። መትከል በአንድ ቀን በዘፈንና በእልልታ ይደረጋል፤ መጠበቅ ግን ማንም በማያይበት ማለዳ፥ አንድ ጣሳ ውሃ ይዞ መሄድ ነው። ስለዚህ አስተማሪ ልጁን «ስንት ተከልህ?» ብሎ ብቻ አይጠይቀው፤ በዓመቱ «ስንቱ ጸደቀልህ?» ይበለው።

ከዘር የበቀለ ማንጎ ፍሬ ለመስጠት ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ይፈጅበታል። እንግዲህ በአንደኛ ክፍል የዘራ ልጅ የመጀመሪያውን ፍሬ ሳይበላ ከትምህርት ቤቱ ሊወጣ ይችላል። ይህን የሰማ ልጅ «ታዲያ ለማን ነው የምደክመው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አስተማሪውም ብዙ መናገር አያስፈልገውም። ልጁን በእጁ ይዞ በመንደሩ መካከል ወዳለው ትልቅ ማንጎ ይውሰደው፤ ከጥላውም ሥር ያስቀምጠው። ያን ጥላ የሰጠው ሰው ልጁን አያውቀውም ነበር።