ከመድረኩ ሥር ያለው ኦርኬስትራ

ሙዚቃዊ ተውኔት አይቶ የሚወጣ ተመልካች ስለ ዘፋኞቹ ድምፅ፣ ስለ ውዝዋዜውና ስለ መድረኩ ውበት ያወራል። ለመድረክ ሙዚቃ የምናቀናብር ሰዎች ግን አስቀድመን የምናየው ሌላ ነው፦ ከመድረኩ ሥር ስንት ተጫዋች ተቀምጧል? ቁጥሩንስ የወሰነው ታሪኩ ነው ወይስ ሒሳብ ክፍሉ? ጥያቄው የሙያተኞች የውስጥ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። የኦርኬስትራው መጠን እንደ ተዋንያኑ ንግግር ሁሉ የድርሰቱ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ታሪኩ ራሱ ትንሽ ኦርኬስትራ ከፈለገ ትንሽነቱ ያምርበታል። ለትልቅ ኦርኬስትራ የተጻፈን ሥራ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ማሳነስ ግን ከተውኔቱ ገጽ ቀዶ ከመጣል አይለይም። ለዚህ እምነቴ እ.ኤ.አ. የ2010 የኒውዮርክ በጋ ጥሩ ምስክር ነው፤ በዚያ ወቅት ብሮድዌይ ላይ ሁሉም ዓይነት ምርጫ ጎን ለጎን ይታይ ነበርና።

በሊንከን ሴንተር «ሳውዝ ፓሲፊክ» የመጨረሻ ወራቱ ላይ ነበር። ሮጀርስና ሐመርስታይን በ1949 ለመድረክ ያበቁትን ይህን ሥራ አዘጋጁ ባርትሌት ሸር በ2008 ሲመልሰው፣ የሮበርት ረስል ቤኔትን የቀድሞ ቅንብር ይዞ 30 ሙዚቀኞችን አስቀመጠ። የመክፈቻው ሙዚቃ እየተሰማ የመድረኩ ወለል ወደ ኋላ ይንሸራተትና ኦርኬስትራው ከነሙሉ ክብሩ ይገለጣል። ገና አንድ ተዋናይ ቃል ሳይተነፍስ፣ ተመልካቹ የምሽቱ ዋና ባለታሪክ እነማን እንደሆኑ በዓይኑ ያያል። ታሪኩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በፓስፊክ ደሴቶች ላይ የሚፈጸም ነው። ውቅያኖስን ለሚያህል ነገር የቴአትር ቤት መድረክ አይበቃም፤ ስፋቱንና ናፍቆቱን ወደ አዳራሹ የሚያመጡት የገመድ መሣሪያዎቹ ናቸው። ዝግጅቱ ሰባት የቶኒ ሽልማቶችን ሲወስድ የተሸለመው ዘፋኝና አዘጋጅ ብቻ ነው ብዬ አላስብም፤ ሥራውን በሙሉ ቁመናው የማቅረብ ድፍረትም አብሮ ተሸልሟል።

በዚያው በጋ፣ በሐምሌ ወር፣ በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ፣ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። ሦስት ቫዮሊንና ሁለት ቼሎ ከኦርኬስትራው ወጥተው ቦታቸው ለሲንተሳይዘር ተሰጠ። ሊዮናርድ በርንስታይን ከሲድ ራሚንና ከኧርዊን ኮስታል ጋር በ1957 ያቀናበረው ይህ ሙዚቃ ከመጀመሪያውም ቪዮላ የለውም። ገመዶቹ ቀድሞውኑ በልክ የተመጠኑ ስለሆኑ ከዚያ ላይ የሚቀነስ ትርፍ አልነበረም። የዚህን ተውኔት መጨረሻ አስታውሱ፤ በመጀመሪያው ዝግጅት የሁለቱ ጠበኛ ቡድኖች ልጆች የሟቹን አስከሬን አብረው ተሸክመው ሲወጡ የሚናገርም የሚዘፍንም የለም። እርቁ እውን መሆኑን፣ ቁስሉም ገና አለመዳኑን የሚናገረው ኦርኬስትራው ነው፦ ከላይ የረጋ ስምምነት ሲሰማ ከሥር አንድ ወፍራም ድምፅ አልስማማ እያለ ይቆረቁራል። ደራሲው የመጨረሻውን ቃል ለኦርኬስትራው ሰጥቷል። ታዲያ ተናጋሪውን በከፊል ማሰናበት እንዴት የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ይሆናል?

«ሲንተሳይዘሩም እኮ ያንኑ ኖታ ይጫወታል» የሚል አለ። ኖታው ያው ነው፤ ሥራው ግን አንድ አይደለም። አምስት ሰዎች አንድ ድምፅ ሲይዙ የአንዱ ቅኝት ከሌላው በጥቂቱ ይለያል፣ የአንዱ ደጋን ከሌላው በቅጽበት ይቀድማል፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከዚህች ልዩነት ነው። ከዚያም በላይ የመድረክ ሙዚቃ ተዋናዩን ይጠብቃል። ከዘፈን በፊት ተዋናዩ ሲናገር መሪው አጭር የሙዚቃ ሐረግ ያስደጋግማል፤ ሳቁ ከረዘመ ይጨምራል፣ ተዋናዩ ትንፋሹን ሲስብ እጁን ያነሣል፣ ሁሉም አብረው ይገባሉ። በየምሽቱ የሚለዋወጠውን ይህን መተናፈስ ኪቦርድ የያዘ ጥሩ ሙዚቀኛም በከፊል ይችለዋል፤ የአምስት ሰው ትንፋሽ ግን በአንድ ሰው ጣት አይሞላም።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ «ትንሽ ኦርኬስትራም ድንቅ ሥራ ሠርቷል» የሚለው ነው፤ እውነትም ነው። ጆን ዶይል በ2005 የስቲቨን ሶንድሃይምን «ስዊኒ ቶድ» ሲያዘጋጅ አሥሩ ተዋንያን ራሳቸው መሣሪያ እየተጫወቱ ተውኔቱን ተወጥተውታል። እዚያ ግን ማሳነሱ የዝግጅቱ ዋና ሐሳብ ነበር፤ ሙዚቃውም ለዚያ ተብሎ እንደ አዲስ ተቀናብሯል። በዚያው በ2010 በጋ የታየው «ፌላ!» ባንዱን መድረክ ላይ አውጥቶ የሙዚቀኛውን የፌላ ኩቲን የትንፋሽ መሣሪያዎች ከጨፋሪዎቹ ጋር አዋሕዷል። ባንዱ ሃምሳ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ላብና ያን ቅርበት ያጣው ነበር። «ኤ ሊትል ናይት ሚውዚክ» ግን ሌላ ነው። ዝግጅቱ የተወለደው ከ200 ያነሰ ወንበር ባለው የለንደን ቴአትር ቤት ስለነበር ጥቂት መሣሪያ ይበቃው ነበር። ያንኑ ይዞ ከ900 በላይ ሰው ወደሚይዝ የብሮድዌይ አዳራሽ ሲገባ የቤቱ ጥበት ምክንያት መሆኑ አበቃ። ከዳር እስከ ዳር በሦስት ምት የሚወዛወዝ የዋልትዝ ሥራ ገመድ ሲያንሰው ይከሳል፤ የተዋንያኑ ብቃትም ያንን ክፍተት አይደፍነውም።

የገንዘቡ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሙዚቀኛ በሳምንት ስምንት ጊዜ ይጫወታል፣ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ፕሮዲዩሰሩም ከከሰረ ሁሉም ሥራ ያጣል። ቢሆንም አንዴ የወረደ ቁጥር መነሻ ሆኖ እንደሚቀር አይተናል። በመጋቢት 2003 የብሮድዌይ ሙዚቀኞች በዚሁ ጉዳይ ሥራ አቁመው ሙዚቃዊ ተውኔቶቹን በሞላ ጎደል ለአራት ቀን አዘግተዋል፤ ስምምነቱም በትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ዝቅተኛውን የሙዚቀኛ ቁጥር ከ24–26 ወደ 18–19 አወረደው። የለንደኑ «ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ» በበኩሉ በ2021 ሲመለስ ኦርኬስትራው ከ27 ወደ 14 ዝቅ ብሎ ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያንም ይህን መንገድ እናውቀዋለን። ነርሲስ ናልባንዲያን የመሩት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራና የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ያቆሙት የትልቅ ባንድ ባህል፣ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽቱን ሥራ ሲያዳክመው ተመናመነ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ወንበር ኪቦርድ ወረሰው። በኪቦርድም ግሩም ዘፈኖች ተሠርተዋል። ነገር ግን ቦታው ሲጠብ ትሮምቦን የሚማር ልጅም፣ ለትሮምቦን የሚጽፍ አቀናባሪም እየጠፋ ይሄዳል። ሙያ አንዴ ከተቋረጠ በበጀት ብቻ አይመለስም።

«ተመልካቹ ልዩነቱን አይለየውም» የሚለውን ክርክር ከሁሉም በላይ አልቀበለውም። ተመልካቹ የጎደለውን በስሙ ላይጠራው ይችላል፤ ሲከፋው ግን ዘፈኑ ደረቀብኝ ይላል እንጂ ቼሎ አነሰብኝ አይልም። ስለዚህ በዚህ በጋ ለንደንም ሆነ ዋሽንግተን ሙዚቃዊ ተውኔት ልታዩ የምትገቡ ወገኖች፣ ከተዋንያኑ ስም በኋላ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የሙዚቀኞቹን ዝርዝር ፈልጉ፣ ቁጥሩንም ከታሪኩ ጋር አመዛዝኑ። መጋረጃው ከወረደ በኋላም ኦርኬስትራው መጫወቱን እስኪጨርስ ከወንበራችሁ አትነሡ፤ አጨብጭቡላቸው። የሚሰማቸው ሰው እንዳለ ያወቀ ፕሮዲዩሰር እነሱን ከመቀነሱ በፊት ደግሞ ያስባል።