ከዳቦ ቤት ደጃፍ እስከ ቤተ መንግሥት

ሌሊት ተነሥታ ዳቦ ቤት ደጃፍ ተሰልፋ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባዶ እጇን ወደ ልጆቿ የምትመለስ እናት ምን እንደሚሰማት ለዚህ ዐምድ አንባቢያን ማስረዳት አያስፈልግም። በ1789 (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ እናቶች ኑሮ ይኸው ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰብሉ ተበላሽቶ የእህል ዋጋ በመናሩ፣ የቀን ሠራተኛው ከገቢው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለዳቦ ብቻ ያወጣ ነበር። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ግን ኦክቶበር 1 ቀን ለመኮንኖች ታላቅ ግብር ተጣለ። ወሬው የተራበችው ከተማ ዘንድ ሲደርስ ቁጣ ነደደ።

ኦክቶበር 5 ቀን ጧት የገበያ ነጋዴዎች፣ ዓሣ ሻጮችና የቤት እመቤቶች ከበሮ እየመቱ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ተመሙ። ከዚያም ጦርና መድፍ ይዘው፣ ዝናብ እየደበደባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ወደ ቬርሳይ በእግራቸው ገሠገሡ። መልእክተኞቻቸው ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ፊት ቀርበው እንጀራ ጠየቁ፤ ንጉሡም እህል እንደሚላክ ቃል ገባ። የሰው ልጅ መብቶችን መግለጫም የተቀበለው በዚያው ምሽት ነው። በማግሥቱ ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ጥሶ ገባ፤ ሁለት ዘበኞችም ተገደሉ። ንጉሡ ከነቤተሰቡ በሕዝብ ታጅቦ ፓሪስ ገባ፤ ወደ ቬርሳይም አልተመለሰም። በ1792 ዘውዱ ራሱ ተሻረ።

ታዲያ የእነዚያ ሴቶች ዋጋ ምን ሆነ? የመብት መግለጫው ለእነርሱ የመምረጥ መብት አልሰጠም። ኦሊምፕ ደ ጉዥ በ1791 የሴቶችን መብቶች መግለጫ ብትጽፍም፣ በኖቬምበር 1793 አንገቷ በጊዮቲን ተቀላ። ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎም የሴቶች የፖለቲካ ክበባት በአዋጅ ታግደው ነበር። የፈረንሳይ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1944፣ ማለት ከዚያ ጉዞ 155 ዓመት በኋላ ነው።

ውድ እናቶችና እኅቶች፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የጓዳ ችግር የጓዳ ብቻ አይደለም፤ የዳቦ ጥያቄ የመንግሥት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በጉዞው ቀን ከፊት የተሰለፈች ሴት በክፍፍሉ ቀን ከደጅ ልትቀር እንደምትችል ነው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱም ሆነ በየማኅበሩ ውሳኔ በሚሰጥበት ወንበር ላይ እንቀመጥ። ሴቶች ልጆቻችንንም ዝናቡን መታገሥ ብቻ ሳይሆን፣ ቤት ውስጥ ገብቶ መናገርንም እናስተምራቸው።