በአቦል የተዋጠ ኪኒን

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሳለች የደም ማነስ ኪኒኗን የምትውጠው በአቦል ነበር። ምክንያቷ ለሰሚው ያሳምናል፤ በቤታችን ከምሳ በኋላ ቡና ሳይፈላ የሚውልበት ቀን ስለሌለ ኪኒኑን አትረሳውም፣ ያ የዝገት ጣዕሙም በቡናው ይሸፈንላታል። ኪኒኑ የተሰጣት በትንሽ ፖስታ ሲሆን በላዩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው «በቀን 1» ብቻ ነው። በምን እንደሚዋጥ፣ መቼ እንደሚዋጥ፣ ከምን እንደሚራቅ የሚናገር ቃል አልነበረበትም። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳታስተጓጉል ወሰደች፤ ሄሞግሎቢኗ ግን ፈቀቅ አላለም።

እህቴን የጎዳት ስንፍና አይደለም፤ የነገራት ሰው አለመኖሩ ነው። አይረን ወይም ብረት የምንለው ማዕድን ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች እዚያው ጠፍረው ይይዙትና ከሰገራ ጋር ያስወጡታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን ሀምበርገር አብልቶ ለካ። ከምግቡ ጋር ቡና ሲጠጡ የሚገባው አይረን በ39 በመቶ ቀነሰ፣ ሻይ ሲጠጡ ደግሞ በ64 በመቶ። ለእኛ ከዚህ የሚበልጠው ቀጥሎ ያለው ውጤት ነው። ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድመው ሲጠጡ ምንም ቅናሽ አልታየም፤ ምግቡ ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጡ ግን ጉዳቱ ከምግቡ ጋር ከመጠጣት እኩል ሆነ። እንግዲህ የእኛ ቡና መቼ እንደሚፈላ ያስቡት። ማዕድ ተነሥቶ፣ እጅ ተታጥቦ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ይህ ስለ ምግብ ነው፤ ስለ ኪኒኑስ? እ.ኤ.አ. በ2023 የዙሪክ ተመራማሪዎች የአይረን ክምችታቸው ዝቅ ያለ ሴቶችን ይዘው 100 ሚሊ ግራም አይረን በተለያየ መንገድ አስዋጧቸው። በባዶ ሆድ፣ ጠዋት፣ በውኃ ከተዋጠው ጋር ሲነጻጸር በቡና የተዋጠው ወደ ደም የገባው ከግማሽ በታች ነው፤ ቅናሹ 54 በመቶ ነበር። ቡና ካለበት ቁርስ ጋር ሲሆን 66 በመቶ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የተወሰደውም ከጠዋቱ በ37 በመቶ አነሰ። 80 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ሲጨመርበት ግን መጠኑ በ30 በመቶ ከፍ አለ። ቫይታሚኑን 500 ሚሊ ግራም ማድረስ ከዚያ በላይ የጨመረው ነገር የለም፤ ስለዚህ አንድ ብርቱካን ይበቃል፤ ለተጨማሪ የቫይታሚን ኪኒን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። እህቴ ኪኒኑን ወደ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል አዛውራ፣ ቡናውን ደግሞ ሁለት ሰዓት አዘግይታ በቀጠለችበት ወር ቁጥሩ መነቃነቅ ጀመረ።

የአገሪቱን መልክ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መመልከት ይበቃል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። በመጨረሻው እርግዝናቸው አይረን የወሰዱት እናቶች 42 በመቶ ሲሆኑ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 በመቶ ብቻ ናቸው። ኪኒኑ በጣም ርካሽ ነው፤ በአብዛኛው ጤና ጣቢያም በነፃ ይሰጣል። በእኔ እምነት የጎደለው ኪኒኑ ሳይሆን አብሮት መምጣት የነበረበት የአምስት ደቂቃ ንግግር ነው።

«ጤፍ የሚበላ ሰው እንዴት አይረን ያንሰዋል?» የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የሠራው ስዊድናዊ የሕፃናት ሐኪም ዪንግቬ ሆፍቫንደር ኢትዮጵያውያን በምግባቸው የሚያገኙት አይረን እጅግ ከፍ ያለ መሆኑን መዝግቧል። ኋላ የመጡ ምርመራዎች እንዳሳዩት ከዚያ አይረን ብዙው የእህሉ ሳይሆን የአፈሩ ነው። አውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ሲበራይ ደቃቁ ጤፍ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል፤ የአፈር ብረት ደግሞ ሰውነት ውስጥ የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነው። ሊጡ መቡካቱ አይረኑን አስሮ የሚይዘውን ፊታይት ስለሚቀንስ እንጀራ ከቂጣ ይሻላል። ሽሮና ምስርም አይረን አላቸው፤ ከሥጋው ጋር ሲተያይ ግን አንጀት የሚቀበለው ጥቂቱን ነው። በጾም ወራት ወርሃዊ ደሟ የሚበዛ ሴት ይህን ብታውቅ ይጠቅማታል። ደም ማነሱ አንዴ ከተከሰተ በኋላ በቀይ ሥርና በጎመን ብቻ እመልሰዋለሁ ማለት ግን ብዙ ጊዜ ድካም ነው።

ደም ማነስ ሁሉ የአይረን ማነስ አለመሆኑን እዚህ ላይ ማስረገጥ እፈልጋለሁ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ወባ፣ የኩላሊት ሕመም፣ የቆየ ቁስለትና በዘር የሚተላለፉ የደም ችግሮች ሁሉ ሄሞግሎቢንን ያወርዳሉ። ክምችቱን የሚያሳየው ፌሪቲን የተባለው ምርመራ ነው። በጤነኛ አዋቂ ከ15 ማይክሮ ግራም በሊትር በታች ሲሆን እጥረት ይባላል። ነገር ግን ኢንፌክሽን ሲኖር ፌሪቲን በሐሰት ከፍ ስለሚል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያ ጊዜ ወሰኑን 70 አድርጎታል። «ፌሪቲንሽ 40 ነው፣ ደህና ነሽ» የተባለች ሳል የጠናባት ሴት ምናልባት ደህና አይደለችም።

ለደጋ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከፍታ ቦታ ላይ ሄሞግሎቢን ስለሚጨምር ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ለሚኖር ሰው ከውጤቱ 1.4 እንዲቀነስ ይመክራል። በዚህ ስሌት 12.8 የወጣላት የአዲስ አበባ ሴት ደም ማነስ አለባት ማለት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ካሉ ሰዎች ክልል እንደማይወጣ አሳይቷል። ለአንዲስ ሰዎች የሚሠራ ቅናሽ ለሰሜን ደገኛ ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ በአንድ ቁጥር ከመወሰን ፌሪቲኑን ማሠራት የተሻለ ነው። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የመከላከያ ኪኒን ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም፤ ይወሰዳል።

ወንድ ወይም ወርሃዊ ደሟ የቆመ ሴት አይረን ካነሳቸው ጥያቄው «የትኛው ኪኒን?» ሳይሆን «ደሙ በየት እየፈሰሰ ነው?» የሚለው ነው። የጨጓራ ቁስለት ሊሆን ይችላል፣ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፣ የአንጀት ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ለሚያርስ ገበሬ ደግሞ ከአንጀት ግድግዳ ደም የሚመጥ የሆድ ትል ሊሆን ይችላል። ኪኒኑ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ እውነተኛውን በሽታ ለወራት ሊደብቀው ስለሚችል፣ ሳይመረመሩ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ እዚህ ላይ ነው።

መጠኑን ማንበብም ትምህርት ይጠይቃል። በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የውሁዱ ክብደት ነው። 300 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት፣ 180 ሚሊ ግራም ፌረስ ፉማሬት፣ 500 ሚሊ ግራም ፌረስ ግሉኮኔት ሦስቱም የሚሰጡት ንጹሕ አይረን 60 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የላከው ብልቃጥ «325» ቢልም በጀርባው «65» የሚል ያገኛሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ለነፍሰ ጡር የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረን ከ400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ነው። ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን እየወሰዱ ከአሜሪካ የመጣውን «ለማጠናከሪያ» መደረብ ግን አያጠናክርም። አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ሳያዝ ለአዋቂ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ 45 ሚሊ ግራም መሆኑን ማወቅ ይበቃል።

ብዙ መዋጥ ብዙ አለማስገባቱ የዚህ ዘርፍ ትልቁ የቅርብ ጊዜ ግኝት ነው። ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ሥራው የአንጀትን በር መዝጋት ነው። 60 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ አይረን ሲዋጥ ሄፕሲዲን ይጨምርና በማግስቱም ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ የማግስቱ ኪኒን የሚደርሰው በሩ ገርበብ ብሎ ነው። የዙሪክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት አይረን ያነሳቸው ሴቶች በየሁለት ቀኑ ሲወስዱ ከእያንዳንዱ ኪኒን የሚገባው ድርሻ በየቀኑ ከሚወስዱት በልጦ ተገኘ። ስለዚህ ጨጓራዋን የሚያቃጥላት፣ የሚያስመልሳት ወይም ሆድ የሚያደርቅባት ሴት ኪኒኑን ከመጣል በፊት «አንድ ቀን እያለፍኩ ልውሰድ?» ብላ ሐኪሟን ትጠይቅ። ነፍሰ ጡር ግን ይህን በራሷ አትወስን።

ሰገራ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ አያስደነግጥም። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ግን የደም ምልክት ነውና ሕክምና ይፈልጋል። ሽሮፕ የሚወስድ ልጅ ጥርሱ እንዳይጠቁር በስትሮ ቢጠጣና ቢጉመጠመጥ ይበቃል። ሄሞግሎቢን በወር ውስጥ 2 ገደማ ሊጨምር ይችላል፤ ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እንዲሞላ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ይቀጥላል። «ተሻለኝ» ብሎ በአምስተኛው ሳምንት ማቆም ደም ማነሱን ተመላላሽ እንግዳ ያደርገዋል።

አይረን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋርም ይጣላል። ለእንቅርት የሚሰጠውን ሌቮታይሮክሲን በአራት ሰዓት ይራቀው፤ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሳሰሉ አንቲባዮቲኮችንም በሰዓታት። ካልሲየምና ወተትም እንዲሁ። በአገራችን አደጋው የሚከብደው ግን ለኤች አይ ቪ በሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ላይ ነው፤ አይረን በባዶ ሆድ አብሮት ከተዋጠ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያንሳል። ዶሉቴግራቪር ከአይረኑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ፤ አለዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ከምግብ ጋር ይዋጡ። ሁለቱንም የምትወስድ ነፍሰ ጡር ይህን ካልተነገራት ችግሩ የእሷ ብቻ ሳይሆን የልጇም ነው።

በቆላ ላሉ ወላጆችም አንድ ቃል። ዛንዚባር ውስጥ በፔምባ ደሴት በተደረገ ሰፊ ሙከራ፣ ወባ በበረታበት ቦታ ለሕፃናት ሁሉ ያለ ልዩነት አይረን ሲሰጥ ሆስፒታል መግባትና ሞት ጨመረ፤ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2003 እንዲቆም ተደርጎ ውጤቱ በ2006 ታተመ። የወባ መከላከያና ሕክምና ባለበት አይረን መስጠት እንደሚቻል ኋላ ላይ ተረጋግጧል። ትኩሳት ያለው ልጅ ግን አስቀድሞ ለወባ ይመርመር።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ የከበደኝ ነው። ብዙዎቹ የአይረን ኪኒኖች ቀይ ናቸው፣ ያብለጨልጫሉ፣ ላያቸው ይጣፍጣል። ለሦስት ዓመት ልጅ ከረሜላ ናቸው። ለልጅ ከባድ መርዝ የሚሆነው በኪሎ ከ60 ሚሊ ግራም በላይ አይረን ነው፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ይህ ማለት አሥር ኪኒን ነው፣ ከዚያ ያነሰውም ሊያሳምመው ይችላል። በአሜሪካ አይረን ለብዙ ዓመታት ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በመመረዝ ከሚገድሉት ቀዳሚው ነበር። መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ አንዳንዴ ከደም ጋር። ከዚያ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የተሻለው ይመስላል፤ ይጫወታል፣ እናቱም «ተመስገን» ትላለች። ክፉው ነገር ይህ ነው፤ በዚያ እፎይታ ውስጥ ብረቱ ልብንና ጉበትን እያጠቃ ሊሆን ይችላል። ዴፈሮክሳሚን የሚባል ማርከሻ አለ፤ የሚሠራው ግን በጊዜ ከተደረሰ ነው። ልጅዎ ኪኒኑን ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ እንዲያስመልሰው አያስገድዱት፣ ወተት አጠጥተው አይጠብቁ፣ የቀረውን ፖስታ ወይም ብልቃጥ ይዘው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።

የጤና ጣቢያዋ ትንሽ ፖስታ መክደኛ የላትም። ብዙ ጊዜ የምትቀመጠው ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ቦርሳ ውስጥ፣ ወይም ከረከቦቱ ጎን ነው። እባክዎ አሁኑኑ ይነሡና የእርስዎ የት እንዳለች ይመልከቱ፤ ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው ቁም ሣጥን አናት ላይ ቆልፈው ያስቀምጡልን።